የማንደፍሮ ባና

ሰው ተረት ሲወረውር እንጂ መነሻዋን ሲጠይቅ አይታይም። ዋናውን ነገር ትቶ በዳር በዳሩ የሚደክም ሰው ሲገጥመን የምንጥልበት ምሳሌ አለች፤ እሷም ብትሆን ከሰማይ አልወረደችም። የወጣችው ከመንዝ ደጋ፣ ማንደፍሮ ከሚባል ባና ሠሪ ደጅ ነው።

ማንደፍሮ እጁ የተባረከ ሰው ነበር። እሱ የሠራውን ወፍራም የሱፍ ባና የለበሰ ብርድን በስም እንጂ በገጽ አያውቀውም ይባላል። ችግሩ አፉ ከእጁ መቅደሙ ነው። አማቱን አቶ ወንድይራድን አንድ ክረምት “ለእርሻዎ በሬ አውስዎታለሁ” ብሏቸው፣ በሬውን እየነዳ የደረሰው አገሩ ሁሉ ዘርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ሽማግሌው ምንም አላሉም፤ ዝምታቸው ግን ከስድብ የባሰ ነበር።

በኋላ የአማቱ ውሻ አርጅቶ ሞተና ቀበሮ ግልገሎቻቸውን መልቀም ጀመረ። ይሄኔ የማንደፍሮ አፍ እንደ ልማዱ ቀደመ። “አባባ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? የማናለብኝን ቀዩን ወንድ ቡችላ ለገና እኔው ራሴ ይዤልዎት እመጣለሁ!”

ማናለብኝ የማንደፍሮ ውሻ ናት። ስሙን ያወጣላት ጎረቤት ይስማልኝ ብሎ ነው፤ እሷም ስሟን አላሳፈረችውም፣ በዚያ በር ያለ ዱላ የሚያልፍ አልነበረም። የገና ጾም በገባ ሰሞን ከገለባው ክምር ሥር ጎሬ ቆፍራ ወልዳ ነበር።

ሚስቱ አስካለ አስጠነቀቀችው። “አደራህን! አባቴ ፊት እንደ በሬው ጊዜ እንዳታሳፍረኝ።”

ማንደፍሮም ይህችን አደራ ይዞ ተጨነቀ። አንድ ማለዳ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ቢያይ፣ “በቃ፣ ብርድ ሊፈጅብኝ ነው!” ብሎ ቡችሎቹን ከገለባው አወጣቸው። ምድጃው ዳር እንቅብ ውስጥ አስተኛቸውና ለገበያ ያዘጋጀውን አዲስ ባና አለበሳቸው። እናቲቱን ግን፣ “ውሻ ቤት አይገባም፤ የአንቺ ሥራ በር ነው” ብሎ ደጅ አሰራት። ጠዋትና ማታ ብቻ ቡችሎቹን በእቅፉ እያወጣ ያስጠባቸዋል።

አስካለ አጓት ልትሰጣት ብትነሣ ጮኸባት።

“ጾም ነው እኮ! እኛ ሽሮ እየበላን ውሻ አጓት ልትጠጣ? በዚህ ቤት ጾም የሚገድፍ የለም!”

“ታጠባለች እኮ፣ አንተ ሰው።”

“የሚያጠቡ ሴቶችስ አይጾሙም?”

“እነሱ በር ላይ አይታሰሩም” አለች አስካለ። ማንደፍሮ ግን ደረቅ ቂጣ ወርውሮላት ገባ።

ቡችሎቹ አለቀሱ። “በርዷቸው ነው” ብሎ የራሱን ባና ደረበላቸው። ባሰባቸው። ጋቢውን ጨመረ። በመጨረሻ የሚለብሰው ጠፍቶ፣ ያ አገር የሚያለብስ ሰው፣ ከጓዳ አሮጌ ደበሎ አውጥቶ ደርቦ ቤተ ክርስቲያን ሳመ።

“ማንደፍሮ፣ በስተርጅና ድቁና ልትማር ነው?” አለው አንዱ ቀልደኛ። የቆሎ ተማሪ መስሏቸው የሳቁበት ብዙ ናቸው።

አንድ ቀን ቀዩ ቡችላ ዝም አለ። ማንደፍሮ ደስ አለው። “አላልኩሽም? ሞቀው!” አስካለ ባናውን ገልጣ ብታነሣው አንገቱ በእጇ ላይ ዘንበል አለ።

“አልሞቀውም” አለች። “ደከመው።”

ለማንደፍሮ መጀመሪያ የታየው የአማቱ ዝምታ ነበር፤ ቀጥሎ ግን ያችን ትንሽ ቀይ አፍ አየና ከልቡ አዘነ።

በዚሁ መሐል አቶ ወንድይራድ ራሳቸው ከተፍ አሉ። ቡችላቸውን አስቀድመው ሊያዩ ነው የመጡት። ዱላቸውን በከንቱ እንዳነሡ ነበር።

“ማንደፍሮ፣ ውሻህ የት ሄደች?”

“በር ላይ ናት እኮ አባባ። አላዩዋትም?”

“በር ላይ ያለችውንማ አየኋት፤ ቀና ብላ አይታኝ ተመልሳ ተኛች። እኔ የምልህ ማናለብኝን ነው።”

ማንደፍሮ ስለ ውርጩ፣ ስለ ባናው፣ ስለ ጾሙ እየተንተባተበ አስረዳ። ሽማግሌው እስኪጨርስ ጠበቁት።

“ልጄ፣ ለመሆኑ የንስሐ አባቷ ማን ናቸው?”

አስካለ በነጠላዋ አፏን ብትይዝም ሳቋ አመለጣት። አባቷ ግን አልሳቁም። “ፍቻት። አጓቱንም ለብ አድርገሽ አምጪ።”

ማናለብኝ ስትፈታ ማንንም አልጠየቀችም። በማንደፍሮ እግር መሐል ሾልካ ቤት ገባች፣ ባናውን በጥርሷ ጎትታ ጣለችና ቡችሎቿን አንድ በአንድ አንጠልጥላ ወደ ገለባዋ ጎሬ መለሰቻቸው። ቀዩን ይዛ ስትወጣ እርምጃዋ ይንገዳገድ ነበር። ዙሪያቸውን ክብ ሠርታ ተኛች። አስካለ በአጓት የራሰ ቂጣ በገበቴ አቀረበችላት፤ ገበቴው እስኪያበራ ላሰችው። ደገመቻት፤ ሠለሰቻት።

ሌሎቹ ቡችሎች ጡት ይዘው ዝም አሉ። ቀዩን አቶ ወንድይራድ ተንበርክከው ጡቱ ላይ አስጠጉት። አልያዘም። ማንደፍሮ በደበሎው ውስጥ እየተንቀጠቀጠ፣ “ማርያም፣ ማርያም” ይላል። ፀሐይ ልትዘቀዝቅ ስትል ያ ቡችላ በአፍንጫው ፈለገ፣ አገኘ፣ በፊት እግሮቹም የእናቱን ሆድ መግፋት ጀመረ።

ማንደፍሮ ደስታውን አልቻለም፤ ሊዳብሰው እጁን ሰደደ። ማናለብኝ ጥርሷን አሳይታ እርር አለችበት።

“እሰይ!” አለ እንባው እየመጣ። “ውሻዬ ተመለሰች!”

ከዚያ ሮጦ ገብቶ፣ የቡችላ ሽንትና ጠጉር የጠገበውን አዲስ ባና ይዞ ወጣ። “አባባ፣ ሌሊቱ ከባድ ነው፤ ይህን ደግሞ እዚሁ ልደርብላቸው?”

አቶ ወንድይራድ ባናውን ከእጁ ነጥቀው በሚንቀጠቀጠው በራሱ ትከሻ ላይ ጣሉለትና፣ “ቡችላ ከማልበስ እናቱን ማጉረስ!” አሉት።