ሼህ ሙዘሚል ከፊት ሶፍ የወረዱ ዕለት

የድንጋይ አጥሯ ባረጀ፣ መንገዷ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ሼህ ሙዘሚል የሚባሉ ክርና መርፌ ሻጭ ሽማግሌ ይኖራሉ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ የሚያውቃት ያውቃታል። የእኔና የእሳቸው ቤት ግድግዳ አንድ ነው። የምነግራችሁን ጆሮዬን ለጥፌ አልሰማሁትም። ግድግዳው ስስ ነው፣ አላህ ምስክሬ ነው።

ሼኹ መስጂድ ውስጥ ከፊተኛው ሶፍ፣ ከኢማሙ ጀርባ ካለው የሰጋጆች ረድፍ፣ ጠፍተው አያውቁም ነበር። ዝናብ ቢዘንብ፣ ወገባቸውን ቢያማቸው፣ ቦታቸው እዚያ ነው። ቀድሞ የመጣ ሰው እንኳ ሲያያቸው ፈቀቅ ይልላቸዋል።

በስተርጅና አላህ አንዲት ሴት ልጅ ሰጣቸው፣ ሩመይሳን። ገና አምስት ዓመቷ ነው። ይቺ ልጅ ጫማ ትወዳለች። መልበሱን አይደለም፣ ማየቱን። የሰው ፊት አታይም፤ እግሩን ነው የምታየው። እኔን እንኳ “የሰማያዊ ነጠላ ጫማዋ እትዬ” ነው የምትለኝ፤ ስሜን ትወቀው አትወቀው እንጃ። ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ እያለቀሰ እሷ ደጃፍ ተቀምጣ ጫማ ትደረድራለች፣ ትዳስሳለች፣ ታሸታለች። ሱብሃነላህ! ከዚያ ላይ ሊያነሷት ሲሞክሩ የምትጮኸው ጩኸት ሰፈሩን ይነቀንቀዋል።

እናቷ ዘምዘም ጭንቀት አክስቷታል። “እታለም፣ ይቺ ልጅ ምን ትሆንብኝ ይሆን?” ትለኛለች። “ልጅ ናት፣ ይተዋታል” እላታለሁ፤ እያልኩ ግን ዓይኔ ከልጅቷ ጣት ላይ አይነሳም። የዘምዘም ወንድም ከድር ደግሞ ወስኗል። “ጂን ነው። ወንዝ ማዶ ያለው ሰውዬ የጣቷን ጫፍ በጋለ ብረት ነካ ቢያደርገው ይለቃታል። የሰው ጫማ ወሰደች ሲባል ልስማ እንጂ፣ ራሴ ነኝ የምወስዳት።” ዘምዘም ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ከደጅ በገባች ቁጥር ቀሚሷን እየገለጠች ትፈትሻታለች።

በአንዱ ጁምዓ ሀጂ ቡሽራ የሚባሉ የቆላ እንግዳ መስጂድ መጡ። ጫማቸው ቀይ ቆዳ ነው፤ ዳር ዳሩ በቢጫ ክር የተሰፋ። ሶላት አልቆ ሲወጡ የግራው የለም።

“በአላህ ቤት ደጃፍ ላይ!” አሉ ሀጂ፣ ባንድ እግራቸው እንደቆሙ።

የመስጂዱ ሽማግሌዎች ዞረው ያዩት ጦይብን ነው። ጦይብ መስጂዱን የሚጠርግ፣ ከጓዳው የሚያድር ድሃ ኻዲም ነው። “ወላሂ አላየሁም” ቢል ማን ይስማው። “እስከ ዐስር ሶላት ካልተገኘ ዕቃህን ይዘህ ትወጣለህ” አሉት።

ሼህ ሙዘሚል ይህን ሰምተው እቤታቸው ገቡ። ትንሽ ቆይቶ የዘምዘም ድምፅ በግድግዳው መጣ። ልጅቷ ያን ቀን ሳትፈተሽ ገብታለች፤ ዘምዘም ምንጣፍ ልታራግፍ አንስታ ቀዩን ጫማ ከሥሩ አግኝታዋለች።

“በአላህ ይዤዎታለሁ፣ በአጥሩ ላይ ወደ መስጂዱ ግቢ ይወርውሩት። ማን ያያል? ተገኘ ይባላል፣ ያበቃል።”

“ጦይብስ?”

“ጫማው ከተገኘ ጦይብን ምን ይሉታል?”

“ሰርቆ ሲጨንቀው ጣለው ይሉታል።”

“ከድር ይሰማል እኮ! እጇን ያቃጥለዋል! አንቱ አንጀት የለዎትም?”

እውነቴን ልንገራችሁ፣ እኔ ብሆን እወረውረው ነበር።

“ሩመይሳ፣ ነይ ልጄ” አሉ ሼኹ። “አንቺ ነሽ የወሰድሽው?”

“አዎ።”

“ለምን?”

“ቢጫው ክር ይዞራል ይዞራል፣ ከዚያ ራሱ ጋ ይመጣል።”

“እውነትሽን ነው፣ ይመጣል” አሉ። “ባለቤቱ አንድ እግሩ ባዶ ነው። እንውሰድለት።”

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልኳቸው። መስጂዱ ደጃፍ ጦይብ ጨርቁን ጠቅልሎ ቆሟል። ሰው ለዐስር ተሰብስቧል። ሼኹ የልጃቸውን እጅ ይዘው በዚያ ሁሉ ዓይን መሀል አልፈው ሀጂ ቡሽራ ፊት ቆሙ።

“ሀጂ፣ ጫማዎን የወሰደችው ልጄ ናት። ጦይብ ንጹህ ነው። ሕፃን ሌባ አይባልም፤ የሚጠየቀው አማናው፣ አደራው ያለበት ሰው ነው፣ እሱም እኔ ነኝ። አውፍ ይበሉኝ።” ወደ ኻዲሙ ዞሩ። “ጦይብ፣ አንተም አውፍ በለኝ።”

ልጅቷ ግን ጫማውን ደረቷ ላይ ለጥፋ አልሰጥም አለች። ሰው ጠበቀ። እኔ አሁን ትጮሃለች ብዬ ጨነቀኝ። ሼኹ አልቀሟትም፤ በዚያ በሚያማቸው ወገብ አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

“ክሩን አንድ ጊዜ ዙሪውና ስጪያቸው።”

በጣቷ ዳር ዳሩን ዞረች፣ ከጀመረችበት ደረሰች፣ ሰጠች። ሀጂ ቡሽራ ጫማቸውን ተቀብለው ባዶ እግራቸውን አስገቡበት።

ያኔ ከድር ሰውን ገፍቶ መጣና የልጅቷን ክንድ ጨበጠ። “በቃ! እኔ እወስዳታለሁ።”

ሼኹ ብድግ ብለው የራሳቸውን እጅ ዘረጉለት። “ከእኔ ጀምር።”

“ምን ማለትዎ ነው ሼኻችን?”

“ያልጠበቅኳት እኔ ነኝ። የሚተኮስ እጅ ካለ ይኸው። ሂድ፣ ብረቱን አግል።”

ከድር የሚያግዘው ፈልጎ ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ፣ እንደ ሩመይሳ፣ ጫማ ጫማውን ያይ ነበር። ክንዷን ለቀቀ።

ለሶላት ተነሱ የሚለው ኢቃም ሲባል የሼኹ ቦታ ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። አልሄዱም። ከመጨረሻው ሶፍ ጠርዝ፣ ጫማ ከሚወልቅበት አጠገብ ቆሙ። ሩመይሳ ጎናቸው ተቀምጣ የሰውን ጫማ ሁሉ አፍንጫውን ወደ መንገድ አዞረችው። ሰው ሲወጣ እግሩን ብቻ እንዲያስገባ።

በማግስቱም እዚያው ቆሙ፣ በሌላውም ቀን። ከተማው ያወራ ጀመር። አንዱ “አፍረው ነው” ይላል፣ ሌላው “ተዋረዱ” ይላል። በመጨረሻ ኢማሙ ራሳቸው መጥተው፣ “ሼኻችን፣ የፊተኛው ሶፍ ምንዳው ትልቅ መሆኑን ያስተማሩን አንቱ ነዎት፤ ምነው?” አሏቸው።

“የፊቱን ሶፍ ሌላ ሰው ይሞላዋል፤ የልጄን ጎን የሚሞላ ግን ሌላ የለም።”



እኔ ብዙም ያልተማርኩ ሴት ነኝ፤ ኪታብ ገልጬ አላስረዳችሁም። ግን ይህን አየሁ። ሼኹ የተፈተኑት እውነት በመናገር ብቻ አይደለም። እውነቱን ተናግሮ ልጁን ለሰው አፍ ጥሎ፣ ራሱ ከፊት ተመልሶ የሚቆም አባት ሞልቷል። እሳቸው ሐቁንም ልጃቸውንም በአንድ እጅ ይዘው ወጡ፤ ዋጋውንም ከሚወዱት ቦታ ከፈሉ።

ልጅቷ? አልተዋትም። ዘምዘም ዛሬም ጁምዓ በመጣ ቁጥር ምንጣፍ ታነሳለች፤ ልቧ አልረጋም፣ የእኔም አልረጋም። ልጅቷ አድጋ ምን እንደምትሆን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ለጭንቅ ልጅ ሁሉ ጎኑ የሚቆም ሰው ይስጠው።

እኔ ግን አሁን ጁምዓ ስሄድ ሰማያዊ ነጠላ ጫማዬን አጥቤ ነው። የሚያየው አለ።