ክረምት ያላላው ከበሮ

ተረት ተረት፣ ክረምት ያበሰላት።

በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚኖር ከበሮ ርጥበቱ ቆዳውን አላላበትና ምቱ ከዜማው ወጣ። በዓሉ ደግሞ ነገ ነው።

«ማኅሌቱን ሳያበላሽብን ወደ ውጭ ይጣል» አለች ጸናጽል። ከበሮ ሆዱ ባባ።

የላላ ቆዳ ለጥርሷ እንደሚመች የምታውቀው አይጥ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ ከበሮ፣ አይስሟት። ድምፅዎ ማር ነው፤ እዚሁ ጨለማው ውስጥ ይረፉ» አለችው። ይህ ደስ አሰኘው።

መቋሚያ ግን፣ «ወንድሜ፣ ምትህ ስቷል። ያለ አንተ ደግሞ አላሸበሽብም» ብሎ ወደ ፀሐይ ይገፋው ጀመር።

«በስተርጅና ታንከባልለኛለህ?» እያለ ከበሮ እስከ ደጃፉ አጉረመረመ።

በማግስቱ ፀሐይ የወጠረው ቆዳ የመጀመሪያ ምት ሲሰማ አይጧ ጉድጓዷ ገባች። ጸናጽልም ድምፅዋን ከማሰማቷ በፊት ከበሮን ጠበቀችው።