ስሜን እስኪጨርስ

ሁለት ጊዜ ዘላችሁኛል። ኅዳር ላይ በጸሎት ማኅበራችን ምሳሌ የማቅረብ ተራዬ ደርሶ ሳለ ጸሐፊያችን ዘርጋው «እትዬ ማንጠግቦሽ ይረፉ፤ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ምሳሌ ማቅረብ ይከብዳል» ብሎ ተራዬን ለሚስቱ ሰጣት። ጥር ላይ ደግሞ ስሜን ከዝርዝሩ ጭራሽ አጣው። ዛሬ ማንንም ሳላስፈቅድ ተነሥቻለሁ። ዘርጋው፣ እስክሪብቶህን አስቀምጥና ስማ።

ፊደል አልቆጠርኩም፣ እውነት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ከማሽን ሥር ኖርኩ። እዚያ ጆሮ ሥር ቢጮኹም አይሰማም፤ እኛ ሴቶቹ የምንነጋገረው ከንፈር ለከንፈር እየተያየን ነበር። ስለዚህ መጽሐፍ ማንበብ አልችልም፣ አፍ ማንበብ ግን እችላለሁ። ስትጸልዩ ዐይኔን የማልጨፍነው ለዚህ ነው። ይህን ባትሰሙት የሚሻላችሁ አንዳንድ ሰዎች አላችሁ።

ምሳሌው እንዲህ ነው።

አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። አንድ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ ይቅርታ ሊለምናት መጣ።

ሴትዮዋ እኔ ነኝ። እስከ መጨረሻው ደብቄ እንደ ፊልም ላስደንግጣችሁ አልፈልግም፤ ፊልም የሚሠራው እሱ ነው። ሰውየው ታናሽ ወንድሜ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በመድረክና በቴሌቪዥን አይታችሁታል፣ ስሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ግን አልጠራውም። ለምን እንደማልጠራው ትደርሱበታላችሁ።

እናታችን ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ ሰባት። ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ልጁ ተብታባ ነበር። ተብታባ ስላችሁ አለፍ አለፍ ብሎ የሚደናቀፍ እንዳይመስላችሁ፤ «ውኃ» ለማለት ፊቱ ደም ይለብስ ነበር። ሰፈርተኛው ያዝንለታል፤ እሱ ሲጀምር እነሱ ይጨርሱለታል። ደግነት መስሏቸው ነው። ሁልጊዜ ሌላ ሰው የሚጨርስለት ልጅ መቼ ሊናገር ነው?

እኔ አልጨርስለትም ነበር።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የኔ ስም ነው። «ማ» ላይ ከንፈሩ ግጥም ይልና ይቀራል። «እታለም» ቢለኝ ይቀለው ነበር፣ እሷን ይችላታል። እኔ እንቢ አልኩ። ከሥራ ስመለስ እሱ በሩ ላይ ይቆማል፣ እኔ ከደጃፉ ውጪ እቆማለሁ። ስሜን ሳይጨርስ አልገባም። ዝናብ ቢሆንም አልገባም። ጎረቤቴ አስካለ በአጥር ብቅ ትልና «ኧረ ግቢ አንቺ ጨካኝ፣ ልጁን ልትገድይው ነው» ትለኛለች። «ዝም በይ፣ እየተናገረ ነው» እላታለሁ። ሲጨርስ የሚስቀውን ሳቅ ብታዩት። ያኔ እገባለሁ።

እንዲህ ያለ ልጅ ታዲያ እንዴት ተዋናይ ሆነ?

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው የቀበሌው ኪነት ቡድን ሽማግሌ ሆኖ የሚጫወት ሰው አጣ። ጢም ለጠፉበት፣ የሚለውን በቃሉ አስጠኑት፣ ወጣ። አንድም ቃል አልያዘውም። የሌላ ሰው ቃል ሲሆን ከአፉ እንደ ዘይት ፈሰሰ። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ «ልጁ ተፈወሰ» ተባለ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ልቤ ግን አልተቀበለውም። የተፈወሰ ሰውና በሌላ ሰው አፍ የሚናገር ሰው አንድ ናቸው እንዴ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜን በጥርጣሬ ማየት ጀመርኩ።

አዲስ አበባ ሄደ። ንጉሥ ሆነ፣ ሌባ ሆነ፣ ዳኛ ሆነ፣ ሸለሙት። እሱ መድረክ ላይ ሲያለቅስ የማያለቅስ አልነበረም። ፎቶውን ግድግዳችሁ ላይ የሰቀላችሁም አላችሁ፤ ወይዘሮ የሺመቤት፣ አቀርቅረሽ አታመልጪኝም። ለኔ የሚልከው ደብዳቤ አነሰ፣ ከዚያ ቆመ። ሥራ ይዞት ነው አልኩ። እኔም ጡረታ ስወጣ ልጅነቱን የሚያውቀውን ሰፈር ለቅቄ ወደዚህ ወደ አዳማ መጣሁ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ በፋሲካ ሰሞን፣ ቴሌቪዥን ላይ ቀረበ። ወንድሟ ሊናገር ነው ተብሎ ጎረቤቱ ሁሉ እኔ ቤት ተሰበሰበ። ከመካከላችሁም የነበራችሁ አላችሁ። ጋዜጠኛዋ «ማን አሳደገህ?» አለችው።

ዝም አለ። እናንተ ያያችሁት ሰው ሲተክዝ ነው። ጋዜጠኛዋም አዝኖ መስሏት እጁን ነካ አደረገችው። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ከንፈሩ ግጥም ብሏል። «ማ» ላይ ነው ያለው። እኔ ከወንበሬ ጫፍ ሆኜ ያንን ሳጥን «አይዞህ፣ እጠብቅሃለሁ» እለው ነበር።

ከንፈሩ ተላቀቀ። «እናትም አባትም፣ እህትም ወንድምም አልነበረኝም። ያሳደገኝ ጎዳና ነው» አለ። እንደ ዘይት።

ያችን ንግግር አውቃታለሁ። ገና ከኔ ጋር ሳለ በኪነቱ ቡድን ከሠራው ቴአትር ላይ ናት፤ ሲያጠናት ያዳመጥኩት እኔ ነኝ።

ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ። «እህቱ አይደለሽም» ያለኝ የለም፣ ዐይናቸው ግን ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ በዚህ በአዳማ እኔ የታዋቂ ሰው እህት ነኝ እያለች የምትዋሽ አሮጊት ነኝ። እኔን ማንም አያውቀኝም፤ ጎዳናውን ግን አገር አወቀው፣ ጋዜጣ ላይ ሁሉ ወጣ።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንመለስ።

ባለፈው ሳምንት መጣና እግሬ ሥር ወደቀ። ተናገረም። «በድዬሻለሁ እታለም፤ እናቴም አባቴም አንቺ ነሽ፣ የበላሁት እንጀራ ያንቺ ላብ ነው» እያለ ቀጠለ። ሽማግሌዎቹ ዕንባቸውን ጠረጉ። ከነሱም ትልቁ፣ አቶ በዳሳ፣ በቀላሉ የማይረበሹት ሰውዬ፣ መሐረብ አወጡ።

እኔ ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ። ለምን? አወዳደቁን አውቀዋለሁ። በተሸለመበት ፊልም ላይ እንዲሁ ድንጋይ ተሸክሞ ይወድቃል፤ መጀመሪያ የግራ ጉልበቱ፣ ቀጥሎ የቀኙ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ብርሃን ያዞራል። ደጄም ላይ የግራ ጉልበቱ ቀደመ። ደጄም ላይ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረ።

«ድንጋዩ የወረቀት ነው?» አልኩት።

«የምር ድንጋይ ነው እታለም።»

ተነሥቼ አነሣሁት። ወገቤን ያዘኝ። ድንጋዩስ አልዋሸም።

«ካሜራው የት ነው ያለው?»

«ካሜራ የለም።»

«በሚቀጥለው ወር የአርባ ዓመት በዓል ያዘጋጁልሃል አሉ። ለፎቶው እህት ጎደለቻቸው?»

አቶ በዳሳ ጣልቃ ገቡ። «እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ድንጋይ የተሸከመ ሰው እንዲህ አይመረመርም። ይቅር ይበሉት።»

«እርስዎ ባያለቅሱ ኖሮ ምክርዎን እሰማ ነበር» አልኳቸው። ወደ እሱ ዞርኩ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። የወደቅከው ማን እግር ሥር ነው? ስሟን ንገራቸው።»

ጸጉሩ የሸበተ፣ የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው፣ ፊቱ እንደዚያ እንደ ልጁ ደም ለበሰ። ከንፈሩ ግጥም አለ። ጉልበቱ የት እንዳረፈ ረሳ፣ ፀሐይዋን ረሳ። ላብ በአገጩ ተንጠባጠበ። «ማ...» አለ። «ማ...» ከስንት ዘመን በኋላ ወንድሜ ደጄ ላይ ቆመ።

«ማንጠግቦሽ ማለቱ ነው» አሉ አቶ በዳሳ።

ደግ ሰው ናቸው። አዝነውለት ነው። እኔ ግን ያንን ድንጋይ ላነሣባቸው ምንም አልቀረኝም። ልጁ ወዲያው ጠፋ፤ ተዋናዩ ጉልበቱን አራግፎ ተነሣና «አዎን፣ እሷን ማለቴ ነው» አለ። እንደ ዘይት።

ሽማግሌዎቹን ወደ ቤት አስገባኋቸውና እሱን ለብቻው ያዝኩት። «ያኔ በቴሌቪዥኑ ልትለኝ ነበር፣ አይደለም?»

እየተንተባተበ መለሰልኝ። ተዋናይ ከሆነ ወዲህ ሰው ፊት አንድም ቀን ተደናቅፎ አያውቅም ነበር፤ ስሜ ያዘው፣ ካሜራው ያየዋል፣ አፉ የመጣለትን አለ። ከዚያ በኋላ ማስተካከል አፈረ። ይህችን እስኪጨርስ እኔ ምስሬን ለቅሜ ጨርሻለሁ። አቋርጬው ግን አላውቅም።

«ስሜን የጣልከው አንድ ጊዜ ላለመደናቀፍ ነው?» አልኩት።

«አዎን» ለማለት ራሱን ነቀነቀ።

አመንኩት? ያንን አመንኩት። ይቅርታውን ግን አልተቀበልኩም። ውሸቱን የሰማው አገር ነው፤ ይቅርታውን ለምን እኔ ብቻ እሰማለሁ?

እናንተስ? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት ተዋናይ አለ?

ዘርጋው፣ አንተ ስትጸልይ ያምራል፣ ሁላችንም አሜን እንላለን። ነገር ግን ስምንት ዓመት ያችኑ ጸሎት ነው የምትጸልያት። ከንፈርህን አይቼ የሚቀጥለውን ቃል ካንተ በፊት አውቀዋለሁ። በአጥር ምክንያት ፍርድ ቤት ያቆምከውን ወንድምህን ግን አንድ ቀን በጸሎት አንሥተኸው አታውቅም። ለምን? እዚያ ላይ ትደናቀፋለህ።

እናንተ ሴቶች፣ «ሁሉንም ይቅር ብያለሁ» የምትሉት እንዲህ በቀላሉ የሚወርደው ለምንድን ነው? የምር ይቅር ያለች ሴት የምራቷን ስም ስትጠራ ትንሽ አይተናነቃትም?

እኔንም ጠይቁኝ። አሥራ አንድ ዓመት «አልፈልገውም፣ ሞቷል» ብያለሁ። አንድም ጊዜ ሳልደናቀፍ።

እግዚአብሔር የትኛውን የሚጠብቅ ይመስላችኋል? ያጠናችሁትን? ያጠናችሁትንማ ሰምቶታል፣ ሰልችቶታልም። እሱ ደጃፋችሁ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ያንን ከንፈራችሁን ግጥም ያደረገውን ነው። ያውቀዋል፣ ግን አይጨርስላችሁም። ጨካኝ ነው የምትሉት እንደ አስካለ በአጥር ብቅ የምትሉት ናችሁ። እየተናገራችሁ ስለሆነ ነው ዝም የሚላችሁ።

ምሳሌዬ ሊያልቅ ነው። አላለቀም።

ያ በሩ አጠገብ ያለው፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደው ሰውዬ፣ እንግዳ መስሏችሁ ቦታ ለቃችሁለታል። ና ያልኩት እኔ ነኝ። ከሽማግሌ ጋር አትምጣ፣ ድንጋይም አታምጣ ብዬዋለሁ። እስከ አሁን አልሸሸም።

ተነሣ። ኮፍያህን አውልቅ። ማን እንዳሳደገህ ለነዚህ ሰዎች ንገራቸው፣ ሙሉ ስሟን። የመጣልህን ሌላ ቃል እንዳትጠቀም፤ «እታለም» ብለህም እንዳታመልጠኝ። አንተ የኔን ስትጨርስ እኔም ያንተን እጠራለሁ።

እናንተ አታጨብጭቡ። ከንፈር አትምጠጡ። የሚቸኩል ካለ ከአሁኑ ይሂድ።

እኔ አሁን እወጣለሁ፣ ከደጃፉ ውጪ እቆማለሁ። ስሜን ሲጨርስ እገባለሁ። ዘርጋው፣ በተለይ አንተ፤ እንዳትጨርስለት።