ለአንድ እጅ የተበጀች ካሜራ

አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ፤ ስሙ ደምሰው ይባላል። በከተማው ሠርግም ሆነ ክርስትና ያለ እሱ አይደምቅም። ካሜራውን ከትከሻው አያወርድም፤ ገበያ ሲወጣም፣ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ሲሄድም አብራው ናት።

ይህ ሰው ካሜራዋን እንደ ተገዛች አልተዋትም። ቁልፎቿን አንድ በአንድ ለራሱ እጅ አመቻቸ። ካሜራ እንደ ልማዱ ማንሻው ላይ ጣት ጫን ሲል ምስሉን ራሱ ያጠራል። ደምሰው ግን ማጥሪያውን ከማንሻው ላይ አነሳና ከኋላ፣ አውራ ጣቱ ከሚያርፍባት ትንሽ ቁልፍ ላይ አዛወረው። በአውራ ጣቱ ያጠራል፣ በሌባ ጣቱ ያነሳል። ሥራው ፈጠነለት፤ ጎበዝም ነበር፣ ይህን አልነፍገውም።

ሚስቱ አስካለ አንዳንዴ፣ "እስኪ አሳየኝ፣ እኔም ልልመድ" ትለዋለች።

"ተይ አስካል፣ ያበጀሁትን ታበላሺብኛለሽ" ይላታል። "እቺ ለእኔ እጅ የተሠራች ናት። ሌባ እንኳ ቢወስዳት ግራ ገብቶት መልሶ ያመጣታል!"

አባቱ ገጠር ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ፎቶ አንሺ ሆኖ ሳለ እሳቸው ከመታወቂያቸው በቀር ፎቶ የላቸውም። ላንሳዎት ሲላቸው፣ "ብቻዬን ምን ልሁን ብዬ? ብቻውን የሚነሳ ሰው ለመታወቂያ ነው። ካንተ ጋር ከሆነ እሺ" ይሉታል። እሱም ይስቅና ያልፈዋል። አንሺው እሱ፤ እሱን ማን ያንሳው?

አንድ ዓመት ለሚካኤል ንግሥ መጡ። በማግስቱ ጠዋት ሊመለሱ ሲሉ የሚወስዳቸው ሚኒባስ ከደጅ ደረሰ። ደምሰው ልማዱ ነውና መኪናዋን ከነጭነቷ ፎቶ አነሳት።

"ዛሬስ አብረን እንነሳ" አሉ አባቱ። "ከተማውን ሁሉ ስታነሳ አንተን የሚያነሳ ጠፋ?"

"በስልኬ ላንሳችሁ" አለች አስካለ።

"አባቴማ በስልክ አይነሱም!" አለና ካሜራዋን አንገቷ ላይ አጠለቀላት። "ማንሻዋን መጫን ብቻ ነው።"

"ሌላ የለውም?"

"ምንም የለውም።"

ሊዋሻት አልነበረም። አውራ ጣቱ ሳያዘው ሲሠራ ስለ ኖረ፣ ለሰው መነገር ያለበት ነገር መሆኑን ረስቶታል።

የአባቱን ጉልበት ስሞ ተንበረከከ። እሳቸውም እጃቸውን ከራሱ ላይ ጫኑ። "እደግ፣ ተመንደግ፤ የነካኸው ይለምልም፤ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ" አሉት። አስካለ ማንሻዋን ደጋግማ ተጫነች።

"አባት፣ ምርቃቱን ለእኛም ያስተርፉልን እንጂ!" አለ ሹፌሩ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ እየሳቀ። አዛውንቱም ስቀው ተሳፈሩ። መኪናዋ ስትነሳ፣ "አጥበህ ላክልኝ!" ሲሉ ድምፃቸው ተሰማ።

ሚኒባሱ ከታጠፈ በኋላ ደምሰው ካሜራዋን ተቀብሎ ተመለከተ። አባትና ልጅ ጭጋግ መስለዋል፤ ፊታቸው አይለይም። ከኋላቸው ግን አባቱን ሊወስድ የመጣው መኪና ጥርት ብሎ ይታያል፤ የሹፌሩ ጥርስ ሳይቀር ይቆጠራል። አውራ ጣት የኋላዋን ቁልፍ አልነካምና፣ ካሜራዋ መጨረሻ ላይ ያጠራችውን መኪና እንደ ያዘች ቀርታ ነበር።

"ምን አጠፋሁ?" አለች አስካለ ደንግጣ።

"ያጠፋሁትስ እኔ ነኝ" አላት። ካሜራዋን ወደ ትከሻው እየመለሰ፣ "ግድ የለም፣ ለፋሲካ ሲመጡ እንነሳለን" አለ።

ለፋሲካ አልደረሱም።

ለቅሶው ላይ ዘመድ አዝማድ እንደ ደንቡ ፎቷቸውን በደረቱ ይዞ ሊያለቅስ ፈለገ። "የፎቶ አንሺ አባት ምን ፎቶ ያጣል? አምጣ እንጂ!" አሉት። ያመጣው የመታወቂያዋን ነው፤ አሳድጎ፣ ብቻቸውን የተነሷትን። ራሱ ላይ ያረፈችው ያቺ እጅ የለችበትም።

አርባው ካለፈ በኋላ ደምሰው የካሜራዋን ቁልፎች ወደ ቀድሞ ቦታቸው መለሰ። አስካለን ጠርቶም፣ "ነይ፣ አሁን ላሳይሽ" አላት።

አስካለ ካሜራዋን ተቀብላ አንገቷ ላይ አጠለቀቻት።

"እሺ" አለች፤ "አሁን ማንን ላንሳባት?"

ወገኖቼ፣ መሣሪያን ለእጅ ማመቻቸት ነውር የለበትም። ፈጣሪም እጃችንን አንድ ዓይነት አላደረገውም። ክፋቱ፣ ሌላ እጅ እንዳይገባበት አድርጎ መዝጋቱ ነው። ሰው ጎበዝ ከሆነ አገሩን ሁሉ ብቻውን ያነሳል፤ ከአባቱ ጉልበት ሥር ተንበርክኮ ሲመረቅ ግን የሌላ ሰው እጅ ያስፈልገዋል። ያን ጊዜ ያ እጅ እንዳያውቅ ያደረግነው እኛው ከሆንን፣ በማን እናዝናለን? እግዚአብሔር ልቡናውን ይስጠን።

እናንተስ፣ ቤታችሁ ውስጥ "እስኪ አሳየኝ" ላለ ሰው ምን ብላችሁ መለሳችሁለት? ሚኒባሱ ከደጅ ሳይደርስ አሳዩት።