ጅብ ያስተነፈሰው ጎማ

አንድ ጊዜ አራዊት አዋጥተው አንድ የጭነት መኪና ገዙ። ከየት አምጥተው አትበሉኝ፤ አንበሳ «አዋጡ» ሲል «የለኝም» የሚል ማን አለ? መኪናው የተገዛው ከቆላው ሜዳ ጨው እየጫነ ወደ ደጋ እንዲያወጣ ነው። እስከዚያ ድረስ ጨው የሚወጣው በአህዮች ጀርባ ነበር።

በመኪናው መምጣት እንደ እመት አህያ የተደሰተ አልነበረም። ጀርባዋ ላይ ከዓመት ዓመት የማይድን ገጣባ አለ። ውርንጭላዋ ደግሞ በዚያ ዓመት ለጭነት ደርሷል። የእሱ ጀርባ ግን ገና ንጹሕ ነው፤ አንዲት ጠባሳ የለበትም። እናቱ ያንን ጀርባ ባየች ቁጥር «ተመስገን» ትላለች።

አንበሳ አራዊቱን ሰብስቦ ተናገረ።

«ጎማ እንደ ሣር አይበቅልም። ያሉን እነዚህ ብቻ ናቸው፤ ትርፍ የለንም። ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ይቆዩልን። ከዚያ በፊት ካለቁ ጭነቱ ወደ ጀርባ ይመለሳል። ጨርሻለሁ።»

ሁሉም ዞሮ አህያን አየ። አህያ ውርንጭላዋን አየች።

ለሾፌርነት ጅብ ተመረጠ። ተመረጠ ማለት እንኳ ያስቸግራል፤ ቀድሞ ገብቶ መሪውን ጨበጠ፣ ልቀቅ ያለው የለም። ቀበሮ ረዳቱ ሆነች። የማኅበሩ አባል ሌላውን አባል እንዳይበላ አንበሳ ስላዘዘ፣ ጅብ አህያን ባየ ቁጥር ምራቁን እየዋጠ እጅ ይነሳል።

እመት አህያ ጎማዎቹን መጠበቅ ሥራዬ ብላ ያዘች። በየማለዳው ፀሐይ ሳትወጣ ትመጣና በሰኮናዋ ጫን እያደረገች ትፈትሻቸዋለች፤ የጎደለውን በመንፊያ ትሞላለች። በጎማው ጥርስ መካከል የተሰነቀረውን ጠጠርና እሾህ በራሷ ጥርስ ትነቅላለች። የፊተኛው በአንድ ጎን መበላት ሲጀምር «ይሄ ወደ ኋላ ይዙር» ብላ ታስቀይራለች።

«ምን አደከመሽ?» አላት ጅብ አንድ ማለዳ። «ጎማ ያው ጎማ ነው።»

«አያ ጅቦ፣ የእኔም ጀርባ እንዲሁ ነው፤ ሁልጊዜ በአንድ ጎን ሲጫኑት ይላጣል። ደግሞ አንድ ነገር ልለምንህ። ቆላ ስትወርድ ጎማው በሙቀት ይወጠራል። ልኩ የሚታወቀው እንዲህ በማለዳ፣ ሳይሞቅ ነው። በቀትር አደራህን እንዳትነካው፤ ሲበርድ ራሱ ይመለሳል።»

«እሺ፣ እሺ» አለ ጅብ። ዓይኑ ግን ውርንጭላው ላይ ነበር።

ቀበሮ በበኩሏ ሌላ ነገር ታስብ ነበር። ዝንጀሮ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ እየሠራ ገደል ለገደል የሚሄዱ ዘመዶቹን ያጫማል። ላለቀ ጎማ አንድ ወፍራም ዶሮ እንደሚሰጥ ከቀበሮ ጋር ተዋውለዋል። ጎማዎቹ ግን አህያ እየጠበቀቻቸው አላልቅ አሉ። ቀበሮ መጠበቅ ሰለቻት።

አንድ ቀን በቆላው ሜዳ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ጨው ጭነው ሊነሱ ሲሉ ቀበሮ አንዱን ጎማ በእግሯ መታ መታ አደረገችው።

«አያ ጅቦ፣ ይሄን አየኸው? ጠግቧል።»

«ማን?»

«ጎማው ነዋ! ሆዱን አታየውም?»

ጅብ ጎንበስ ብሎ አየ። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት አጥንት አልቀመሰም።

«እኔ ሾፌሩ ሆዴ ከጀርባዬ ተጣብቆ፣ እሱ የሚንከባለለው ይጥገብ?»

«ግፍ ነው እንጂ! አስተንፍሰው። ለአንተም ጉዞው ይለሰልስልሃል። ሲያልቅ ደግሞ ዝንጀሮ ዶሮ ይሰጠናል፤ እኩል እንካፈላለን።»

ዶሮ ከተባለ በኋላ ጅብን ማን ይመልሰዋል? ሁሉንም ጎማዎች በየተራ አስተነፈሳቸው። መንገድ ዳር የሞተ ግመል ሲያገኝም «ይሄስ ለምን ይቅር?» ብሎ ከጨው በላይ ጫነው። መኪናው እውነትም ለሰለሰ። ጅብ እያዜመ ነዳ።

ዳገቱን ሲጀምሩ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ጎማዎቹ ሲበርዱ ይብሱን ላሉ፤ ያን ሁሉ ጨውና ግመል ተሸክመው መሬት ላይ ተለጥፈው ወጡ።

በማግሥቱ ማለዳ አህያ መጥታ ስታይ ክው አለች። የጎማዎቹ ግራና ቀኝ ጠርዝ ተበልቷል፤ መሃሉ ግን እንዳለ ነው።

«አያ ጅቦ፣ አስተንፍሰኸዋል?»

«ጠግቦ ነበራ!»

«እኔ የምሳሳው ለጎማው ብቻ መሰለህ?» አለች ወደ ውርንጭላዋ እያየች። «ይሄ ካለቀ የሚጫነው ልጄ ነው።»

«አይዞሽ እመት አህያ» አለች ቀበሮ አንጀቷ የራራ መስላ። «ሁለተኛ አይነካውም፤ እኔ እያለሁ?»

አህያ የጎደለውን አየር ሞላች። የተበላ ጠርዝ ግን በአየር አይሞላም።

ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ለመጨረሻው ጨው ወረዱ። ቀበሮም ቀትር ላይ ያንኑ ነገር ደገመች፤ ጅብም ያንኑ ሞኝነት ደገመ፤ መንገድ ዳር ያገኘውን ሌላ የሞተ ግመልም ከጨው በላይ ጫነ። ሲመለሱ ከደጋው መንደር በታች፣ ዳገቱ ላይ፣ አንዱ ጎማ ፈነዳ። ጭነቱ ሁሉ አጠገቡ ባለው ላይ ወደቀበትና እሱም ተከተለ። መኪናው ጎኑን አጋድሞ ቆመ።

ድምፁን የሰሙ አራዊት ወረዱ። አንበሳም መጣ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናቡ ከደረሰ ጨው ሟሟ ማለት ነው።

ቀበሮ ማንም ሳይጠይቃት ቀደመች።

«ጌታዬ፣ ይኸውልዎ! እቺ አህያ በየማለዳው በሰኮናዋ ስትደቁሰው፣ ጎማ ምን ያድርግ? መፈንዳት ነው እንጂ።»

አንበሳ ወደ አህያ ዞረ። አህያ ቀስ ብላ ሄዳ ውርንጭላዋን በሰውነቷ ከለለችው። ያንን ጎማ ስትጠብቅ የከረመችውን ምስኪን እንዲህ ሲወነጅሏት እኔ ተረቱን የማወራው እንኳ ይቆጨኛል።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለ አንበሳ ወደ ጅብ ዞሮ።

የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ? የእኛው ጅብ ከክርክሩ አንድም ቃል አልሰማም። የሚያየው ቀበሮን ብቻ ነበር።

«እመት ቀበሮ፣ ጎማው ይኸው አለቀ። ዶሮዬስ?»

«የምን ዶሮ?» አለ አንበሳ።

«ዝንጀሮ የሚሰጠን ነዋ! ቀትር ላይ አስተንፍሰው፣ ሲያልቅ እኩል እንካፈላለን ብላኛለች። ኧረ እንዲያውም ሁለት ጎማ ስለሆነ ሁለት ዶሮ ነው!»

ቀበሮ ጅራቷን እግሮቿ መካከል ከተተች። አንበሳ ቀና ብሎ የጠቆረውን ሰማይ አየ።

«ጭነቱ ወደ ጀርባ ይመለሳል ብዬ ነበር» አለ በመጨረሻ። «የማን ጀርባ እንደሆነ ግን አልተናገርኩም።»

ወዲያው ጨው በጅብና በቀበሮ ጀርባ ላይ ተጫነ። ግመሉን ለአሞራ ተዉት፤ ጅብ ዓይኑ እያየ። ሊነሱ ሲሉ አህያ ወደ እሱ መጣች። ልትስቅበት የመጣች መስሎት አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ጭነቱን በጥርሷ ይዛ ወደ መሃል ሳበችለት።

«ወደ አንድ ጎን አዘንብሎብሃል፣ አያ ጅቦ። ይልጥሃል።»

ጅብና ቀበሮ ጨው እስኪያልቅ ድረስ ያንን ዳገት እያለከለኩ ወጡ፣ ወረዱ፣ እንደገና ወጡ። ውርንጭላው ባዶ ጀርባውን እያወዛወዘ ከፊታቸው ይፈነጫል፤ የመጨረሻው ጨው መንደር እንደገባም የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ በዚያ ንጹሕ ጀርባ ላይ ወረደ።

ከዚህ የምንማረው፣ ጎማም ሆነ ሌላ ሸክማችንን የሚሸከምልንን ነገር ካልተንከባከብነው፣ ሸክሙ ዞሮ በገዛ ጀርባችን ላይ እንደሚወርድ ነው።