ጫኔ የተናገረ ቀን

ዱሮ ነው፤ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በሚሠራበት፣ ሩቅ አገር ሁሉ በእግር በሚደረስበት ዘመን ነው። እኔ ከአባቴ ሰማሁ፣ አባቴም ከአባቱ ሰማ። እናንተ ዘንድሮ የምታገቡ ወንዶች ጠጋ በሉ። ሴቶችም ብትሰሙ ነውር የለውም።

እምቧይ ሜዳ በምትባል መንደር ጫኔ የሚባል በቅሎ ነጂ ነበር። መሬት የለው፣ ከብት የለው፤ ያለው የሰው በቅሎ የሚጭንበት ሁለት እጅ ብቻ ነው። ከሃያ ዓመቱ ጀምሮ ከሲራራ ነጋዴ ጋር ጨው ሲያመላልስ ዐሥራ ሦስት ዓመት ኖረ። ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ይመለሳል፣ ይሄዳል። ጓደኞቹ በየደረሱበት ጠላ ቤት ሲገቡ እሱ ዓይነ አፋር ነበርና ከጭነቱ ጋር ይቀራል። እዚያም ብቻውን ሲሆን በገዛ እጁ ራሱን ያረካ ነበር። ነገሩን አልሸፋፍንላችሁም፤ እሱም በኋላ አልሸፈነውም። ሰው መጣ አልመጣ እያለ፣ በጥድፊያ፣ ጠፍር በሚያጠብቅበት በዚያ ብርቱ እጁ። ዐሥራ ሦስት ዓመት እንዲያ ኖረ።

በሠላሳ ሦስት ዓመቱ እናንየ የምትባል ሴት ተዳረችለት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ሞቶባት እናቷን ስትጦር ቆይታ ነው ሳታገባ የዘገየችው። ድሃ ከድሃ ተስማሙ። ደግሞም ወደዳት። ስትናገር ድምፅዋ ዝግ ይላል፤ ያንን ወደደ።

የሠርጉ ዕለት ሚዜዎቹ ከጫጉላው ደጅ ቆሙ። የዚያን ጊዜ ልማድ ነው፤ ሙሽራው የልጃገረድነቷን ምልክት ይዞ እስኪወጣ ይጠበቃል፣ ከዚያ «ብር አምባር» እየተባለ ይጨፈራል። ጫኔ ገባ። ሰውነቱ እምቢ አለው። ቆየ፣ እምቢ አለው። ታገለ፣ እምቢ አለው። ከደጅ የሚዜዎቹ ሳል ይሰማዋል። ሲነጋ ባዶ እጁን ወጣ።

«ምነው? ሙሽራዋ ልጃገረድ አልነበረችም እንዴ?» አለው አንዱ ሚዜ።

ጫኔ «ኧረ እሷስ ምንም የለባት» ማለት ነበረበት። አላለም። መሬት መሬቱን አየ፣ ዝም አለ። ዝምታው ምስክር ሆነ። ገና ሳይረፍድ መንደሩ በሙሉ «እናንየ ክብሯን ይዛ አልመጣችም» አለ። እናቷ ይህን ሰምታ ደረቷን እየደቃች ወደ ቤቷ ሄደች። እናንየ ለማንም አንድ ቃል አልተናገረችም። ለባሏ ብቻ፣ ቀስ ብላ፣ «እኔ ምን በደልኩህ?» አለችው። ምድር ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

በሳምንቱ ጫኔ ወደ አንድ ደብተራ ሄደ። «ለወንድሜ ነው» ብሎ ዋሸ። ደብተራውም «ወንድምህ በድግምት ታስሯል» ብሎ መራራ ሥር ቀጥቅጦ ሰጠው። ጠጣው። ሦስት ቀን አስመለሰው፤ ዓይኑ ጎደጎደ፣ ጉልበቱ ከዳው፣ አልተሻለውም። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሚነዳቸው የሰው በቅሎዎች በረት ብቻውን ሲሆን እጁ የለመደውን አደረገ። ሰውነቱም ወዲያው ታዘዘ።

ያን ጊዜ ጫኔ ገለባው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ድግምት ከሆነ ለእጁስ እንዴት ተፈታ? ለእጁ የታዘዘው ለሚስቱ አልታዘዘም። ይህን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፤ ስድቡን የምትሸከም ግን እሷ ናት። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ከአጠገቧ ፈቀቅ ይላሉ። አየ፣ ዝም አለ። ሰማ፣ ዝም አለ።

በመንደሩ አያ ቢተው የሚባሉ ወጌሻ ነበሩ። ጫኔ «ትከሻዬን ወለም አለኝ» ብሎ እሳቸው ዘንድ ሄደ። ዳበሱት።

«ትከሻህስ ደህና ነው። ምንህን ነው ያመመህ?»

ጫኔ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነገራቸው። ሁሉንም፣ ዐሥራ ሦስቱን ዓመት። አያ ቢተው አልሳቁም፣ አልተቆጡም።

«ጠዋት ስትነቃስ ሰውነትህ ቆሞ ታገኘዋለህ?»

«አዎ፣ አያ።»

«እንግዲያ አልሞተም። ይህን የሚያደርግ ወንድ ብዙ ነው፤ ብዙውንም ምንም አያደርገውም። ያንተ ግን ኃይልና ጥድፊያ በዛበት። ሰውነትህ ያንን ለመደና ለስላሳው ነገር እንግዳ ሆነበት። በላዩ ላይ ፍርሃት ጨመርህበት። የፈራ ሰው እንኳን ይህን፣ ጉርሻም አይውጥ።»

«መድኃኒቱስ?»

«እጅህን ተው። ሚስትህን አቅፈህ ተኛ፣ ምንም አትሻ፣ አትቸኩል። ወራት ይፈጅ ይሆናል። መጀመሪያ ግን ንገራት። ስላንተ እስከ መቼ ትሰደብ?»

ጫኔ መርቋቸው ወጣ። በዚያ ቀን አልነገራትም። በማግስቱም አልነገራትም።

በአራተኛው ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሎች ጋብቻውን ሊያፈርሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀመጡ። አገሬው ከበበ። እናንየ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ጥላ ቆመች።

«የምትዪው አለሽ?» አሏት።

የለኝም ስትል ራሷን ነቀነቀች። ወደ ባሏም አላየችም። እንዳታሳጣው ብላ ነው ያላየችው፤ ጫኔም ይህን ዐወቀ። ዐውቆ መቀመጥ አቃተው። ተነሳ።

«አባቶቼ፣ እሷን ማንም አልነካትም። እኔም አልነካኋት፤ አቅቶኝ ነው። በመንገድ ስኖር ሰውነቴን ለገዛ እጄ አስለምጄው ለሚስቴ እምቢ አለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ዝም ያልሁትም እኔ ነኝ።»

አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ተከተለው። ሚዜዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ጫኔ ፊቱ በርበሬ መስሎ ቆመ፤ አልሸሸም። ቀስ በቀስ ሳቁ ሳሳ። ከሽማግሎቹ አንዱ አቀርቅሮ ነበር፤ ከቆሙት ባሎችም ሦስት አራቱ አቀርቅረዋል። አያ ቢተው «ጊዜ ይሰጠው» አሉ። ሽማግሎቹም «እናንየ ክብሯ ይመለስላት፤ ደጃቸው የሚቆም፣ የሚጠይቃቸውም አይኑር» ብለው ፈረዱ።

ቤት ሲገቡ እናንየ ጀርባዋን ሰጠችው።

«አራት ሳምንት» አለች። «አራት ሳምንት ሙሉ እያየኸኝ!»

ይህ ከአገር ሳቅ ይልቅ አቃጠለው። ይቅርታዋም በአንድ ቀን አልመጣም። ጫኔ እጁን ተወ። አንዳንዴ ይሸነፋል፣ ይነግራታል፣ እንደገና ይተዋል። ያየውን አገር ያጫውታታል፤ እሷም መጀመሪያ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ኋላ ፊቷን መልሳ ትሰማዋለች። ክረምቱ ወጣ፣ መስቀልም አለፈ። ከዚያ በኋላ ነው ባልና ሚስት የሆኑት። ሦስት ልጆችም ወለዱ።

ሲያረጅ አንድ ሰው «ያን ያህል ሕዝብ ፊት ስትናገር አላፈርህም?» ብሎ ጠየቀው።

«አፈርሁ እንጂ» አለ ጫኔ። «ያኛው ግን በዚያው ቀን አለፈ። ያላለፈልኝ ዝም ያልሁበት ነው። ውሃ ስትወርድ ባየኋት ቁጥር ዛሬም አፍራለሁ።»

በእምቧይ ሜዳ እስካሁን ሚዜ ከጫጉላ ደጅ አይቆምም። የሙሽሮቹን ምግብ አስገብቶ ሙሽራውን «የጫኔን ጊዜ ይስጥህ» ይለውና ይሄዳል። ሽማግሎች ደግሞ ሌላ ቃል አላቸው። የገዛ ጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ሲወርድ እያየ ዝም የሚል ሰው ሲያጋጥማቸው አይቆጡትም፣ አይሰድቡትም። ጠጋ ብለው «ጫኔ እንኳ ተናግሯል» ይሉታል፤ ይሉትና ይጠብቃሉ።