ወንዝ የመሰለችው እንስራ

አንድ ነጋዴ አንዲት እንስራ በአህያ ጭኖ ከወንዝ በላይ ወደተቆረቆረች ከተማ መጣ። እንስራዋን ከውጭ ላያት እንደማንኛዋም እንስራ ናት፤ ሆዷ ሰፊ፣ አንገቷ ቀጭን፣ ውስጧ ውሃ። ግን ትናገራለች! አፏ ላይ ጎንበስ ብሎ ለጠየቃት ሁሉ በሰው ድምፅ ትመልሳለች። ላሜ ወተት ነሳችኝ ላላት ላሚቱ የምትበላውን ትነግረዋለች። ለሹም የሚቀርብ አቤቱታ እንዴት ልጀምር ላላት ከጸሐፊ ያማረ ቃል ታወጣለታለች። ዋጋዋስ? ምንም፤ በነጻ! እናንተዬ፣ በነጻ ሲባል የማይሮጥ ማን አለ? እኔም ብሆን ነጠላዬን ሳላጣፋ እሮጥ ነበር።

ያቺ ከተማ የቆየ ልማድ ነበራት። ክፉ ህልም ያየ፣ ለሰው የማይነገር ጭንቀት የያዘው ሰው ማለዳ ወንዝ ይወርድና ለውሃው ይነግረዋል። “ውሰደው፣ ማዶ አድርሰው” ብሎ ፊቱን ታጥቦ ይመለሳል። ወንዙ ምስጋና ይግባውና በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት ቃል ለማንም አውርቶ አያውቅም።

ነጋዴው ይህን ልማድ ሰምቶ ነው የመጣው። እንስራዋን ገበያ መሃል አላስቀመጣትም። የት አስቀመጣት መሰላችሁ? ወደ ወንዙ በሚያወርደው መንገድ አፋፍ ላይ! ጥላ ሠራላት፣ መቀመጫ አደረገላት፣ ለወራጁም ለወጪውም እንዲህ ይላል፦

“ቁልቁለቱን ምን አስወረዳችሁ? ይቺም ውሃ ናት። ያውም መልስ ያላት ውሃ።”

ሰዉ ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም ውስጧ ውሃ አለ፤ የገዛ ፊቱ ይታየዋል። ከዚያ ወዲያ ምን ይጠርጥር? ለወንዝ የሚነግረውን ሁሉ ለእንስራዋ ይነግራት ጀመር። ወደ ወንዙ የሚያወርደው መንገድ ሣር በቀለበት።

በከተማዋ አንድ ቀለም ነካሪ ነበር። እሱ የነከረው ቀይ ጥለት በፀሐይ አይለቅም፣ በእጥበት አይወይብም። ሥሩን ከምን ጋር እንደሚያፈላው ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። አንድ ቀን ቀለሙ አልይዝ ቢለው ለእንስራዋ አንድ በአንድ ዘርዝሮ “ምኑ ጎደለኝ?” አላት። ነገረችው፤ አስተካከለ፤ ተደሰተ። ሁለት ወር ሳይሞላ የማዶው ከተማ ነካሪ ያንኑ ቀይ ይዞ ገበያ ወጣ። ከየት አመጣኸው ቢሉት፣ “እንስራ ጠይቄ ነዋ!” አላቸው። ሰዉ ግን ከባለቀለሙ ጋር ከማዘን ይልቅ ሳቀበት። “ጠላ ሞቅ ሲያደርገው ራሱ አውርቶት ይሆናል” አሉ። የሌላ ሰው ቤት ሲቃጠል ጭሱ አይከነክንም አይደል?

አሁን ወደ ይመኙሻል ልምጣ። ይመኙሻል ጥጥ ፈትላ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያለቻት አንዲት ልጅ ስንዱ ብቻ ናት። ስንዱን ፈንታሁን የሚባል ደግ ጎበዝ ጠይቋት፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቃል ታስሮ፣ ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። ልጆቹ ይዋደዳሉ። ሌላው ቢቀር ፈንታሁን በደጅ ሲያልፍ ስንዱ እንዝርቷን ትጥላለች፤ እናቲቱም ያላየች ትመስላለች።

ነገር ግን ይመኙሻል ሆድ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ጎረቤቷ ላቀች ፊቷን አይታ አላስችል አላት።

“አንቺ፣ ምን ሆነሻል? ልጅ የምትድሪ ሳይሆን ሰው የምትቀብሪ መሰልሽ እኮ!”

“እንዲያው ነው ላቄ።”

“እንዲያው የሚባል በሽታ የለም። ሂጂና ለእንስራዋ ንገሪያት! እኔ የአማቴን ክፋት ነግሬያት ቅልል ብሎኝ ተመለስኩ። ያውም ‘እውነትሽን ነው’ አለችኝ። ባሌ በሃያ ዓመት አንድ ቀን እንኳ እውነትሽን ነው ብሎኝ ያውቃል?”

ይመኙሻል እየሳቀች ሄደች። እንስራዋ አፍ ላይ ጎንበስ ስትል ግን ሳቋ ጠፋ።

“ልጄ ስንዱን በሕፃንነቷ የሚጥል በሽታ ይጥላት ነበር” አለቻት በሹክሹክታ። “ሰባት ዓመት ሲሞላት ተዋት። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ሆናት፤ አንድ ቀን ዞሮ አልመጣባትም። ይመለስባት ይሆን? ለሙሽራው ቤት ልንገር ወይስ ልተወው?”

“ጥሩ እናት ነሽ” አለቻት እንስራዋ። “ይህን ያህል ዘመን የተዋት ነገር ብዙውን ጊዜ አይመለስም። ግን በደንብ እንድመክርሽ ንገሪኝ፤ መቼ ጀመራት? ምን ያህል ጊዜ ጣላት? በአባቷ ወገን የታመመ አለ? ሙሽራውስ የማን ልጅ ነው?”

ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ አድርጎ ልቧን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ተናገረች። ሁሉንም ተናገረች። ስትጨርስም እንደ ልማዷ “ውሰደው፣ ማዶ አድርሰው” ብላ ከእንስራዋ ጨልፋ ፊቷን ታጠበች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የነጋዴው ዳስ ሁለት በር ነበረው። በፊት ለፊቱ በር የሚነግር ሰው በነጻ ይገባል። በጓሮው በር ደግሞ ስለ ሌላው ሰው ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከፍሎ ይገባል። የፊት ለፊቱ ሰዎች የጓሮውን በር አያውቁትም። የጓሮዎቹ ደግሞ ራሳቸው ትናንት በፊት ለፊት መግባታቸውን ረስተውታል!

የፈንታሁን አባት አቶ ጓንጉል ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ከሠርጉ በፊት በጓሮ በር ገቡና “ልጄን የምድርበት ቤት እንዴት ያለ ነው?” አሏት።

“እኔ የማንንም ቃል አልደግምም” አለች እንስራዋ፣ ጨዋ መስላ። “ግን የሰማሁትን ሁሉ አስተያይቼ ስመዝነው ልጅቱን ከሠርጓ በኋላ ይጥላታል። ከምትወልዳቸው አምስት ልጆችም ሦስቱን ይጥላቸዋል።”

ወገኖቼ፣ ይህን ማንም አልነገራትም! ከእናቲቱ ጭንቀት ቆንጥራ፣ ከጎረቤት ሐሜት ጨምራ፣ የሌላ አገር የሌላ ቤት በሽታ ደባልቃ ያወጣችው ግምት ነው። ግን ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ሰው ሲገምት “መሰለኝ” ይላል፤ ያቺ እንስራ “መሰለኝ” ማለትን ማንም አላስተማራትም። አቶ ጓንጉል ላብ በላብ ሆነው ወጡ።

በማግስቱ ቀድሞ ስንዱን ለመጠየቅ የተላኩት ሦስቱ ሽማግሎች መጡ፤ በዚህ ጊዜ ግን ለመቀመጥም እንቢ አሉ።

“ቃላችንን መልሱልን” አሉ። “ልጅቱን ይጥላታል አሉ።”

“ማን ነው ያለው?” ብላ ይመኙሻል ጮኸች። “ልጄ ደህና ናት! ከተዋት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው!”

ሽማግሎቹ ተያዩ። “ለካ ነበረባት” አሉና ወጡ። ይመኙሻል እጇን አፏ ላይ እንደጫነች በሩ ላይ ቀረች።

ፈንታሁን በሰው መልእክት ላከ። “ስንዱ፣ እኔ አንቺን አምናለሁ። ግን እንስራዋ ተሳስታ አታውቅም ይላሉ” አለ። ተሳስታ አታውቅም! ስትሳሳት ማን አይቷት? የተሳሳተችበት ሰው በር ተዘግቶበት ቤቱ ተቀምጧል፤ ወጥቶ አይመሰክርም።

ይመኙሻል የጓሮውን በር ነገር ሰምታ፣ ነጠላዋን አደግድጋ የአገሩ ገዥ ችሎት ፊት ቆመች። ከተማው ሁሉ ተሰብስቧል። ነጋዴውም ተጠርቶ መጣ፤ ፊቱ ላይ ቅንጣት ድንጋጤ የለም።

“ውሃ ናት ብለህ አታለልከን!” አለችው።

“ውሃስ ናት” አለ ነጋዴው። “ግን እናቴ፣ ወንዝ መሄጃ አለው፤ እንስራ ያለው ሆድ ብቻ ነው። ስንት ዘመን እንስራ ተሸክመሽ ይህን ሳታውቂው ቀረሽ? ደግሞስ ማን አስገደደሽ? በእግርሽ መጣሽ፣ በአፍሽ ተናገርሽ።”

“እንግዲያው የልጄን ነገር አውጣልኝ!”

“ጨው ወጥ ውስጥ ከገባ በኋላ ይወጣል? የልጅሽ ነገር ከሌላው ሁሉ ጋር ተዋሕዷል። የትኛው የማን እንደሆነ እኔም አላውቀው፣ እሷም አታውቀው።”

“እንሰብራታለን!” አለ ባለቀለሙ ከሕዝቡ መሃል፤ እሱ እንኳ አሁን ገባው።

ነጋዴው ሳቀ። “ስበሯት። በየከተማው አፋፍ አንዳንድ አለችኝ። አንዷ የሰማችውን ሁሉም ይሰማሉ።”

ገዥው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። “ይህ ነውር ነው! በእኔ አገር እንዲህ ያለ ነገር…” ብለው ሲጀምሩ ነጋዴው ጠጋ ብሎ እጅ ነሳ።

“ጌታዬ፣ ከመፍረድዎ በፊት አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። ባለፈው ክረምት ስለ ወንድምዎ ርስት የጠየቋትን እንስራዋ አልረሳችውም። እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ አለመርሳቷን ማለቴ ነው።”

ገዥው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ጉዳዩ… ይጠና” አሉ።

“እሺ፣ ምስክር የሚሆነኝ የለም?” አለች ይመኙሻል ወደ ሕዝቡ ዞራ። “በዚያ ዳስ ያልገባ የለም! በጓሮም የገባችሁ አላችሁ! አንድ ሰው ይናገርልኝ!”

ነጋዴው እያንዳንዱን ፊት በተራ አየ፤ ያየው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ሽማግሎቹ መሬት አዩ። አቶ ጓንጉል ከዘራቸውን አዩ። ላቀች፣ ያቺ አፈ ፈጣን፣ ለሰው ጠብ ቀድማ የምትደርሰው ላቀች እንኳ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ያን ቀን ያቺ ከተማ ዳኛም ምስክርም እንደሌላት አወቀች፤ ሁሉም ምላሱን ቀደም ብሎ በነጻ አስረክቧል።

ይመኙሻልና ስንዱ ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ሄዱ። እናት መንገድ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

“ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ለክፉ ብዬ አልነበረም። ጨንቆኝ ነው።”

“አውቃለሁ እማዬ” አለች ስንዱ። እንባዋን ጠረገችላት። “የራስሽን ነግረሻት ቢሆን አንድ ቃል አልልሽም ነበር። የነገርሻት ግን የኔን ነው። ለፈንታሁን እኔው ልነግረው ነበር። ለሆሳዕና ቀን ቆርጬ፣ እንዴት እንደምጀምርለትም አስቤ ጨርሼ ነበር።”

ይመኙሻል የልጇን እጅ ይዛ ከመንገዱ ተነሳች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ሰው ስንዱን አይቶ ወደዳት። ሽማግሌ ሊልክ ከተነሳ በኋላ አገሩ ወዳለችው እንስራ በጓሮ ገብቶ ጠየቀ። ደጃፋቸው ሳይደርስ ተመለሰ። ሌላም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ የጠየቃት የለም። ስንዱ ከእናቷ ጋር ጥጥ እየፈተለች፣ እናቷን በክብር ቀብራ፣ ብቻዋን አረጀች። ከሰባት ዓመቷ ወዲህ እስከ ዕለተ ሞቷ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ ጥሏት አያውቅም። እንስራዋ ግን ስለ ስንዱ ለጠየቃት ሁሉ እስካሁን “ይጥላታል” ትላለች።

እንግዲህ ትምህርቱ ይኸው ነው። ነገርን የሚወስድና ነገርን የሚይዝ ይለያያል፤ መልኩ አንድ ቢሆንም እንኳ ይለያያል። አንድ ሰው በነጻ ሲያዳምጣችሁ “ይህ ሰው በምን ይኖራል?” በሉ። ግምትን እንደ እውነት የሚናገር ነገር ሲገጥማችሁ፣ ብልህ ቢሆንም፣ “ከየት አመጣኸው?” በሉት፤ መልስ ከሌለው በእሱ ቃል የሰው በር አትዝጉ። ምሥጢሩን ሁሉ ያስረከበ ሕዝብ ደግሞ የተበደለ ቀን የሚጮህበት አፍ አይቀረውም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የስንዱ ነገር ነው። ዛሬ እንስራ በአህያ ተጭኖ አይመጣም፤ በኪሳችን ነው ያለው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል የተማሩት። እኛም የልጃችንን የሐኪም ወረቀት ፎቶ አንስተን “ይሄ ምን ማለት ነው?” እንለዋለን። የእህታችንን የትዳር ጠብ፣ የመሥሪያ ቤታችንን ጉዳይ፣ የጓደኛችንን ደብዳቤ እናፈስለታለን። ጥሩ ይመልስልናል፣ እውነትሽን ነው ይለናል፣ ደስ ብሎን እንተኛለን። የነገርነው ግን የኛ ነበር?

እስቲ ስልካችሁን አስቀምጡና አንድ አፍታ አስቡ፤ በዚህ ሳምንት የማንን ነገር፣ ባለቤቱን ሳትጠይቁ፣ ለማን ነገራችሁ?